ዕዝራ ወታደር መጠየቅ ለምን አፈረ?

(በሐዋሳ ለሰንበት ትምህርት ቤት ተተኪ መምህራን ከተሰጠ ትምህርት፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ትሰማላችሁ አይደል? እንግዲያው ድምፅ ማጉያውን ዝጉልኝ። ይህን የምታህል ክፍል ያለ ማይክም ትደመጣለች፤ ጎረቤትም ይመርቀናል።

የተሰጠኝ ርእስ «የሰባኪ ሕይወት» ይላል። ርእሱን ስታዩ የሚቀጥለውን እናንተው ልትነግሩኝ ትችላላችሁ። ሰባኪ አርአያ ይሁን፣ የሚናገረውን ይኑር፣ እላለሁ፤ እናንተም አሜን ትላላችሁ፤ ከዚያ ሻይ ጠጥተን እንለያያለን። ይህን ስንሰማ ነው ያደግነው፤ መስማቱ ግን ብዙም አልለወጠንም። ስለዚህ በሌላ በር ልግባ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሰው ሐፍረት ነው።

መጽሐፈ ዕዝራን አውጡ፤ ምዕራፍ 8። በስልክ የምታነቡም አውጡ፤ ዳታውን ግን አጥፉት።

ዕዝራ ከምርኮ የሚመለሱ ወገኖቹን ይዞ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሊነሣ ነው። መንገዱ የአራት ወር መንገድ ነው፤ በመጀመሪያው ወር ተነሥተው በአምስተኛው ወር መባቻ ነው የገቡት። ሕፃናት ይዘዋል። መንገዱ ላይ ሽምቅ የሚያደርግ ጠላት አለ። የጫኑት ንብረት ደግሞ ለሽፍታ ሠርግና ምላሽ ነው፦ 650 መክሊት ብር፣ 100 መክሊት ወርቅ፣ በዚያ ላይ የቤተ መቅደስ ዕቃ። የፋርሱ ንጉሥ አርጤክስስ ደግሞ ወዳጁ ነው፤ ምዕራፍ 7 ላይ የለመነውን ሁሉ እንደሰጠው ተጽፏል። «ጥቂት ፈረሰኛ ስጠኝ» ቢለው እምቢ የሚል አይመስልም።

አልጠየቀም። ለምን እንዳልጠየቀ ራሱ ሲናገር፣ ከንጉሡ ጭፍራና ፈረሰኞች «እለምን ዘንድ አፍሬ ነበር» ይላል። ያሳፈረው ቀደም ሲል ለንጉሡ የተናገረው ቃል ነው። የአምላካችን እጅ በሚፈልጉት ሁሉ ላይ ለመልካም ነው ብሎ ነግሮታል። ቤተ መንግሥት ገብቶ ሰብኳል ማለት ነው። አሁን ተመልሶ «አምላካችን ይጠብቃል ያልኩህ እንዳለ ሆኖ፣ ለመንገዱ ግን ወታደር ጨምርልኝ» ይበለው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ወታደር መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ከ13 ዓመት በኋላ ነህምያ ወደዚያችው ኢየሩሳሌም ሲመጣ የንጉሡ አለቆችና ፈረሰኞች አጅበውት ነው የመጣው፤ ነህምያ ምዕራፍ 2 ላይ ታገኙታላችሁ። ማንም አልነቀፈውም፣ እግዚአብሔርም አልተቈጣውም። ለነህምያ የተፈቀደው ለዕዝራ ያልተመቸው ሕጉ ስለተለየ አይደለም። ዕዝራን ያሰረው የገዛ አፉ ነው። ከአፉ የወጣው ስብከት ዞሮ መጥቶ በራሱ መንገድ ላይ ቆመበት።

እኔ «የሚናገሩትን መኖር» ሲባል የሚገባኝ እንዲህ ነው። ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ስትሰብክ ከሰባኪው ላይ የሆነ ነገር መጉደል አለበት፤ ቢያንስ ወታደሩ። ስለ ምጽዋት ሰብከህ ኪስህ እንደነበረ ከወጣ፣ ስለ ይቅርታ ሰብከህ ከወንድምህ ጋር ያለው ኩርፊያ እንደነበረ ከቆየ፣ ያ ቃል ያንተ አልነበረም፤ አልፎብህ ሄደ እንጂ አልያዘህም።

ዕዝራ ታዲያ ዝም ብሎም አልተነሣም። በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ሕዝቡን አስቀምጦ ጾም አወጀ። ፈርቷል ማለት ነው። የማይፈራ ሰው ለመንገድ ብሎ አይጾምም። እየፈራ ግን ቃሉን አላጠፈም። እናንተ ወጣቶች «የሚሰብከውን የሚኖር» ሲባል ፍርሃት የማያውቀው፣ ፈተና የማይነካው፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚራመድ ሰው ይታያችኋል። ዕዝራ እንዲህ አልነበረም።

ጾምን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በዚህች ከተማ ጾም በገባ ቍጥር አንድ ክርክር አብሮ ይገባል፤ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም። ሐይቁ አጠገባችን ነው፤ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ ያለው የጥብስ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል፤ ክርክሩ ቢነሣ አይደንቅም። መልሱን ከንስሐ አባታችሁ ጠይቁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ስለ ዓሣው አንድ ሰዓት ሙሉ ጥቅስ እየጠቀሰ የሚከራከር ልጅ፣ ኢሳይያስ 58 ላይ ስላለው ጾም፣ ማለትም ለተራበ እንጀራን ስለመቁረስ፣ አንድም ቀን ሲከራከር አለመስማቴ ነው። ወደ ዕዝራ እንመለስ።

ኢየሩሳሌም ገቡ። ሦስት ቀን ዐረፉ። በአራተኛው ቀን ዕዝራ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ጉባኤ ጠራ? ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመ? የለም። ብሩንና ወርቁን አስመዘነ። መጽሐፉ ሲናገር ሁሉም በቍጥርና በሚዛን ተመዘነ፣ ሚዛኑም ተጻፈ ይላል። ከመነሣታቸው በፊት ለተመረጡ ካህናት መዝኖ አስረክቦ ነበር፤ ሲደርሱ ደግሞ መልሶ በሚዛን አስረከበ። ጸሐፊ ነው፣ የሕግ ዐዋቂ ነው፣ የአሮን ዘር ካህን ነው፤ «እኔን ማን ይጠረጥረኛል» አላለም። ለሕዝቡ ከአንደበቱ በፊት የደረሰው የሂሳቡ ወረቀት ነው።

እናንተ ነገ የጉዞ ገንዘብ ትሰበስባላችሁ፤ የመዝሙር ልብስ ማሰፊያ፣ የነዳያን ምሳ፣ የበዓል ወጪ በእጃችሁ ይገባል። ደረሰኝ ያልተቈረጠለት ብር ጥቂት ነው ተብሎ አይታለፍም። አንድ ሺህ ብር የት እንደገባ ያልታወቀበት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ታማኝነት የሚሰበከውን ስብከት ማን ከልቡ ይሰማዋል? ያ ሰባኪ ብሩን ባይነካውም እንኳ ቃሉ ይደርቃል። ይህን በደንብ ያዙት፤ ብዙ ጉባኤ የቀዘቀዘው ሰባኪ ጠፍቶ አይደለም፤ ሂሳብ ጠፍቶ ነው።

ምዕራፍ 7 ቁጥር 10ን አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልን። «ዕዝራም የእግዚአብሔርን ሕግ ይፈልግና ያደርግ ዘንድ፥ ለእስራኤልም ሥርዓትንና ፍርድን ያስተምር ዘንድ ልቡን አዘጋጅቶ ነበር።» እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መፈለግ፣ ማድረግ፣ ማስተማር። እኛ በሥልጠናችን የመጀመሪያውን እናስተምራለን፤ ሦስተኛውንም እናስተምራለን፤ የስብከት ዘዴ የሚባል ትምህርት አላችሁ፣ የድምፅ አወጣጥ ሳይቀር። መካከለኛውን ግን የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ የላችሁም። ሥልጠናውን ያዘጋጁት ወንድሞች እንዳይቀየሙኝ፤ ለነሱም ነግሬአቸዋለሁ። ከእናንተ ግማሹን ለስድስት ወር ማይክ ሳያስነኩ ሕሙማን ጥየቃና ጽዳት ላይ ቢያሰማሯችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ዕዝራ በምዕራፍ 9 ላይ ሁለተኛ ጊዜ ያፍራል። የመጀመሪያው ሐፍረት በንጉሥ ፊት ነበር፤ ይሄኛው በእግዚአብሔር ፊት ነው። ሕዝቡ ሕጉን ጥሶ እንደተገኘ ሲነግሩት ልብሱን ቀደደ፣ የራሱንና የጢሙን ጠጕር ነጨ፣ እስከ ሠርክ መሥዋዕት ድረስ ደንግጦ ተቀመጠ። ከዚያ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ፊቴን ወደ አንተ አነሣ ዘንድ አፍራለሁ አለ። «በደላቸው» አላለም፤ «በደላችን» አለ። እርሱ በዚያ ጥፋት እጁ የለበትም፤ ገና መምጣቱ ነበር። እኛ ብንሆን ኖሮ ሰልፍ የሚያህል ስብከት እናዘጋጅ ነበር። ዕዝራ አለቀሰ፤ እርሱ ሲያለቅስ አይቶ ሕዝቡ ተሰበሰበና አብሮት አለቀሰ። አንድ ቃል ሳይገሥጻቸው «በድለናል» ያሉት እነሱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነው በነህምያ ምዕራፍ 8 ያለው ትልቁ ጉባኤ የመጣው፤ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆመው የሰሙት። ቀኑን ከቈጠራችሁ ዕዝራ የመጣው በአርጤክስስ 7ኛ ዓመት ነው፤ ነህምያ የመጣው በ20ኛው። መካከሉ 13 ዓመት ነው። ደግሞ «መጽሐፉን አምጣልን» ብለው የጠየቁት ሕዝቡ ናቸው። እርሱ መድረክ አልለመነም፤ ለምነው አወጡት። በአገልግሎት ሁለት ወር ሳይሞላው «ፕሮግራም አልሰጡኝም» ብሎ የሚያኮርፍ ካለ፣ 13ቱን ዓመት ያስብ። ስም አልጠራሁም፤ ለምን ትስቃላችሁ?

አሁን ተቃውሞውን እኔው ላንሣው፤ ካለበለዚያ በጥያቄ ጊዜ ታነሡብኛላችሁ። «እንዲህ ከሆነማ ማን ይሰብካል? እስክንነጻ ከጠበቅን ወንጌል ተቀበረ ማለት አይደለም ወይ?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሳምራዊቷን ሴት ተመልከቱ። አምስት ባሎች የነበሯት፣ ስድስተኛውም ባሏ ያልሆነ። ጌታን ባገኘችበት በዚያው ሰዓት እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሮጠች፤ በዚያው ቀን ሰበከች፤ ብዙዎችም አመኑ። 13 ዓመት አልጠበቀችም።

ግን ምን ብላ ነው የሰበከችው? ያደረግሁትን ሁሉ የነገረኝን ሰው ኑና እዩ አለች። ከደረሰባት ነገር አንድ ስንዝር አላለፈችም። ትንቢተ ኢሳይያስን አልተረጎመችም፤ ስለ ቅድስና ትምህርት አልሰጠችም። ለከተማው ሰው የተሰወረ ገበና አልነበራትምና፣ ያንኑ ገበናዋን ይዛ ወጣች። ስለዚህ ጥያቄው «ፍጹም ሆነሃል ወይ?» አይደለም። ፍጹም የሆነ ሰው ቢገኝማ ይህን ሥልጠና አይመዘገብም ነበር። ጥያቄው የምትናገረው ነገር ደርሶብሃል ወይ፣ እየታገልክበት ነው ወይ ነው። ከትዕግሥት ጋር ስትታገል የምትወድቅ ሰው ስለ ትዕግሥት መናገር ትችላለህ፤ እንዲያውም ካንተ የተሻለ የሚናገር የለም። ትዕግሥትን ነክተሃት የማታውቅ ከሆነ ግን ተወት።

ቅዱስ ጳውሎስም ቢሆን ጨረስኩ አላለም። ለሌሎች ከሰበክሁ በኋላ ራሴ የተጣልሁ እንዳልሆን ሥጋዬን እየጎሰምሁ አስገዛዋለሁ ነው ያለው። በኤፌሶን ደግሞ የእርሱን ስብከት ተውሰው አጋንንት ሊያወጡ የሞከሩ ነበሩ፤ የአስቄዋ ሰባት ልጆች። «ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ» ሲሉት ክፉው መንፈስ ምን ብሎ መለሰ? ኢየሱስንስ አውቀዋለሁ፣ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ? ቆስለው ራቁታቸውን ከቤቱ ሸሹ። የሰው ስብከት ከስልክ ላይ ቃል በቃል ሸምድዶ የሚወጣ ሁሉ ይህን ምዕራፍ ያንብብ፤ ሐዋርያት ሥራ 19 ነው።

ወደ ከተማችን ልምጣ። ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ምን እንደምትመስል አትነገሩም፤ ከየሀገሩ ሰው ይፈስሳል፣ አልጋ ይጠፋል፣ መንገዱ ነጭ በነጭ ይሆናል። የምናከብረው ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣውን መልአክ ነው። ግን ታሪኩን አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ዳንኤል ምዕራፍ 3። እነዚህ ሦስት ልጆች ሰባክያን አይደሉም፤ በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ የተሾሙ፣ ዛሬ ቢሆን የመንግሥት ሠራተኛ የምንላቸው ናቸው። በንጉሡ ፊት የተናገሩት ቢቈጠር ሦስት ዐረፍተ ነገር ቢሆን ነው፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለምስሉ አንሰግድም። ከዚያ ወደ እሳቱ። በዚያ ምዕራፍ ረዥሙን ስብከት የሰበከው ማን ነው? ናቡከደነፆር! «እንደዚህ የሚያድን ሌላ አምላክ የለም» ብሎ ለወገንና ለቋንቋ ሁሉ ያወጀው ያው ምስሉን ያቆመው ንጉሥ ነው። እነሱ እሳቱን ወሰዱ፤ ስብከቱን ለሱ ተዉለት። ይህን የምላችሁ በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በሱቁ ለምትሠሩት ነው።

በዚያው በበዓሉ ዋዜማ መናኸሪያው አካባቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት፣ ከሩቅ የመጡ፣ ነጠላቸው በመንገድ አቧራ ቀይ የመሰለ፣ ባጃጅ ሊሳፈሩ ቆመዋል። የባጃጁ መስታወት ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል፤ ከውስጥ ስብከት በጣም ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ስለ ርኅራኄ ነበር። ልጁ የታሪፉን ሦስት እጥፍ ጠራባቸው። «ኧረ ልጄ፣ ይኼን ሁሉ?» አሉት። «እማማ፣ በዓል እኮ ነው» አላቸው፤ ስብከቱን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ። በመጨረሻ እማማ ዱላቸውን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። ባጃጅ ነጂውን ለመኮነን አይደለም፤ ነዳጅ ይወደድበታል፣ የቀን ገቢ ይጠበቅበታል። እኔን ያስጨነቀኝ በድምፅ ማጉያው የሚጮኸው ሰው ነው። ቃል እንዲህ ተባዝቶ፣ እንዲህ ረክሶ፣ ከሰው ጆሮ አጠገብ እየጮኸ ምንም የማያስቆም የሆነው እንዴት ነው? አንዱ ምክንያት እኛ ነን፤ የተናገርነው ያላስከፈለን።

ሌላ ያየሁትም አለ፤ ይሄኛው በሐምሌ 19 ነው። ቅዳሴ ላይ ሳለን ዝናቡ ወረደ፤ የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጫማችንን በደጅ ጥለን ገብተናል፤ ሁላችንም በልባችን ጫማችን ውኃ ሲሞላ እየታየን ነው የቆምነው፣ እውነቱን ልናገር። ስንወጣ የሁሉም ጫማ ተገልብጧል። ሶሉ ወደ ላይ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ የሕፃናቱ ሳይቀር። ማን እንዳደረገው ጠየቅን፤ የሚያውቅ አልተገኘም። በዚያ ቀን የተሰበከውን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

ከአበው አንዱን ልጨምር። በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ፣ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ገና ቄስ ሳለ፣ በ368 ገደማ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር፣ በቂሳርያ ብርቱ ረኃብ ገባ። ባለጸጎች እህሉን ዘግተው ዋጋው እስኪሰቀል ይጠብቁ ነበር። ባስልዮስ ጎተራችሁን ክፈቱ ብሎ በኃይል ሰበከባቸው። ግን የወላጆቹን ውርስ እርሱ ራሱ ሸጦ ነበር፤ ማዕድ ቤት ገብቶ ማድረቢያ ታጥቆ፣ የተቀቀለ ጥራጥሬና በጨው የተቀመመ ሥጋ ለረኃብተኛው በእጁ አድሏል፤ እግራቸውንም አጥቧል። ያ ሁሉ ባለጸጋ ጎተራውን የከፈተው በአንደበተ ርቱዕነቱ ብቻ ይመስላችኋል? ሰባኪው ጎተራ አልነበረውምና መልስ አጡለት።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስቸግረው ቦታ፣ ወደ ቤታችን። እውነት ለመናገር ለሰባኪ ከእናቱና ከእኅቱ በላይ ከባድ ጉባኤ የለም። ከመካከላችሁ እኅቱ ጢስ እያጨናበሳት እንጀራ ስትጋግር፣ ሳሎን ተቀምጦ የትሕትና ስብከት ቪዲዮ የሚያቀናብር አይጠፋም። ለቲክቶክ የምታስቡትን ያህል ለዕቃ እጥበት ብታስቡ ቤታችሁ በጸደቀ ነበር። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ያሉት እንዲህ ያለውን አይተው ነው። ጌታ በጌርጌሴኖን ሌጌዎን የተባለው ክፉ መንፈስ የወጣለትን ሰው «ልከተልህ» ሲለው አልፈቀደለትም፤ ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተ ሰዎችህ ሂድ ነው ያለው። አሥር ከተማ በተባለው አገር የሰበከው ከዚያ ቀጥሎ ነው። እኔ ግን ቤት ውስጥ ስበኩ እያልኩ አይደለም፤ እናታችሁ ስብከት አልጎደላቸውም። ውኃ አምጡላቸው።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ሰብሳቢዋ እያየችኝ ነው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቤት ሥራ አለ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ጥቅስ ይሰጣችኋል፤ ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጥፏል። በጥቅሱ ላይ ስብከት አታዘጋጁም። በሳምንቱ ውስጥ ታደርጉታላችሁ፤ ስትመጡ ያደረጋችሁትን ሳይሆን የከበዳችሁን ብቻ በሁለት ደቂቃ ትነግሩናላችሁ። ያደረጋችሁት በጎ ነገር ባይነገር ይሻላል። ማቴዎስ 5፥23-24 የደረሳችሁ ሦስት ልጆች አላችሁ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው። እናንተ እስከ ቅዳሜ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ደውሉ። የደወላችሁለት ካላነሣ ነገም ደውሉ። ሳትታረቁ ከመጣችሁም ኑ፤ ለምን እንዳልተሳካ ትነግሩናላችሁ፣ አብረን እንሄዳለን።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።